አባትየውን ግደለው

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሰርቨሩ ዛሬም ሞተ። ገና ከታክሲ ሳልወርድ ስልኬ ጮኸ፤ ከኡራኤል እስከ ቢሮ እየሮጥኩ ገባሁ። የትንንሽ ክሊኒኮችን የሕመምተኛ መረጃ እሱ ላይ የምናስቀምጠው እኛ ነን። እኛ ስንሞት እነሱ የሰው የደም ውጤት ማየት አይችሉም። አንዷ ነርስ "እናንተ ናችሁ ሰው የምትጨርሱት!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

በሽታው ይታወቃል። ከርነሉ፣ ማለቴ ሰርቨሩን ከሥር ተሸክሞ የሚያኖረው ዋናው ፕሮግራም፣ ለሚሠራ ሁሉ ሜሞሪ፣ ማለት የሥራ ቦታ፣ ይሰጣል፣ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ይቀበላል። ሥራው በሰላም ካለቀ ችግር የለም። መሃል ላይ ከተበላሸ ግን የሰጠውን መቀበሉን ይረሳል። የተረሳው እየተጠራቀመ ይሞላል። ሲሞላ ከርነሉ ውስጥ ያለው ገዳይ ይነሳል። ስሙ ነው፣ እኔ አላወጣሁለትም። ገዳዩ ጥፋተኛ አይፈልግም። ብዙ የተሸከመውን ፈልጎ ይገድላል። ሁልጊዜ የሚሞተው የክሊኒኮቹን መረጃ የያዘው ዳታቤዝ ነው፣ ምንም ያላጠፋው።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ታዲዎስ ብቅ ብለው "አጥፍተሽ ሪስታርት አድርጊው፣ ይነሳል" አሉኝ። ከርነሉን እንቀይረው ስላቸው "እየሠራ ያለን ነገር አትነካኩብኝ!" አሉ። ደሜ ፈላ። "እስከ መቼ ነው ሪስታርት እያደረግን የምንኖረው? ሪስታርት እኮ መድኃኒት አይደለም! እንደገና እስኪሞላ መጠበቅ ነው!" ብዬ ማውሱን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። እሳቸው ወጡ። ሃብተአብ ስብርባሪውን አነሳና "ማውሱ ምን አደረገሽ እህቴ?" አለኝ።

ሃብተአብ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው፣ ሳቂታ። ከእሱ ጋር በአማርኛ ነው የምንገዳደለው። ሌሎችን የሚወልድ ፕሮግራም አባትየው ነው፣ የወለዳቸው ልጆቹ ናቸው፣ ማስቆም መግደል ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ "ልጆቹን ገደልካቸው?" "አዎ፣ አባትየው ግን እምቢ አለኝ" ስንባባል አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው።

ቤት ሰላም ነው። ባሌ ኪዱ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ተመልሷል። ሽማግሌዎቹ ፊት ጉልበቴን ይዞ አልቅሷል። የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ወልደአረጋይ "ከእንግዲህ አንዴ እጅህን ካነሳህባት ያስታረቅንህ እኛው እናፈርሰዋለን። ቤቱም ልጅቷም የእሷ ናቸው፣ አንተ ትወጣለህ" አሉት። በኡራኤል ማለ። ልጄ ልዩ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። ስምንት ዓመቷ ነው፣ አባት ያስፈልጋታል። አንዴ ከሆነ አለቀ ማለት ነው። አይሆንም። ተለውጧል።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ቢሮ አልገባሁም። የቁም ሳጥኑ በር መታኝ። ማለቴ ከፍቼ ረስቼው፣ ዞር ስል። ዓይኔ ሥር ጠቁሯል። ኪዱ ራሱ በፎጣ በረዶ ጠቅልሎ አመጣልኝ። እሱ የኢንሹራንስ ግምት ባለሙያ ነው፤ ሜክሲኮ ካለው ቢሮው ወጥቶ ቀኑን ሙሉ የተጋጨ መኪና ሲያይ ይውላል። የጎበጠውን ቆርቆሮ ዳብሶ ምን እንደመታው ይናገራል። የኔንም ዳበሰና "ቀላል ነው፣ ይጠፋል። ሰው ከጠየቀሽ ቁም ሳጥን ነው በዪ" አለኝ።

ቁም ሳጥን ስለሆነ ነዋ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

እናቴ፣ አደይ መብርሂት፣ ሳትደውል መጣች። ፊቴን አየች፣ ነጠላዋን አስቀመጠች። መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ዘጋች። ደግማ ከፈተች። በሩ የሚንሸራተት ነው። ወደ ጎን ነው የሚሄደው።

"ይሄ ነው የመታሽ?" አለችኝ።

"የወጥ ቤቱ ነው" አልኳት።

"የወጥ ቤቱ በር የለውም፣ ዘውዲ።"

"የፖሊስ ሥራ ጀመርሽ እንዴ? አንቺ ከመጀመሪያውም አትወጂውም!" ጮህኩባት። በገዛ እናቴ ላይ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ነጠላዋን አንስታ ወጣች፣ ያመጣችው ጎመን ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እስከ ታች ልሸኛት እንኳ አልወረድኩም። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ኪዱ ሲመጣ መምጣቷን አልነገርኩትም። ጎመኑን ግን በላ፣ ጣፈጠው።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ሁለቴ ሞተ። ጠዋትም፣ ከሰዓትም። ውጭ ደግሞ የመንገድ ሥራው፤ ካዛንቺስ መሬቱን እየፈለጡ አስፋልቱን እንደገና ይቆርጡታል፤ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ጥርሴ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ሃብተአብ ከርነሉን የሚሠሩት ሰዎች የሚጻጻፉበትን መድረክ አገኘ። የኛ ዓይነት በሽታ የያዛቸው ሌሎችም አሉ። ማስተካከያ እየተዘጋጀ ነው፤ ተመርምሮ ወደ ስቴብሉ እስኪገባ መጠበቅ ብቻ ነው። ስቴብል የሚባለው አዲስ ነገር የማይጨመርበት፣ የተበላሸው ብቻ የሚጠገንበት ከርነል ነው። ደስ ብሎኝ "በቃ ተገላገልን! ሪስታርት የሚሉት ነገር ደሜን ነው የሚመጠው" አልኩ።

ሃብተአብ ዓይን ዓይኔን አየና "እህቴ፣ እዚህ ሪስታርት ጠላሁ ትያለሽ፣ ቤትሽ ግን..." አለ።

"ቤቴ ምን? ጨርሰው!"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ዝም በል!" አልኩት። ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም። ቤቴን እሱ ምን ያውቃል?

ኪዱ ማታ ማታ ስልኬን ያያል። ይየው፣ የምደብቀው የለኝም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ልጄ ልዩ አሻንጉሊቷን ይዛ ሳሎን ወለሉ ላይ ትጫወታለች። እኔ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነው። "ዝም በዪ ብያለሁ! ዝም በዪ!" ትላታለች። ቀጥሎ የአሻንጉሊቷን ጭንቅላት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨችው። ደጋግማ፣ በኃይል። ከዚያ ፎጣ አምጥታ ጠቀለለቻትና ጆሮዋ ሥር "ሰው ከጠየቀሽ ቁም ሳጥን ነው በዪ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?" አለቻት።

ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ልጆች እንዲሁ ናቸው፣ የሰሙትን ይደግማሉ። ሁለተኛ እንዳትይው ብዬ እጇን ያዝኳት። አለቀሰች። ሸሚዙ ካውያው ሥር ተቃጠለ፣ ነጩ የኪዱ ሸሚዝ። ሳይመጣ ደበቅሁት።

ኅዳር 12፣ አርብ

ሚካኤል ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፤ ጎተራ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ልጆቹ ይዘላሉ፣ ካርቶን ይወረውራሉ።

ትናንት ሰርቨሩ ሞቶ አምሽቼ ነው የገባሁት። ኪዱ ዛሬ ቆሻሻ ይዞ ሲወርድ የሥራ ጫማዬንም ጨምሮ ይዞት ወረደ። እሳቱ ውስጥ ከተተው። "እንግዲህ በምን ሮጠሽ እንደምትሄጂ አያለሁ" አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እየሳቀ። ሰዎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የላስቲኩ ሽታ አሁንም ፀጉሬ ውስጥ አለ። ጫማው እንኳን አሮጌ ነበር።

ፀጉሬ ጫፉ ትንሽ ተለብልቧል። እሳቱ ጋ ተጠግቼ ስለነበር ነው።

ኅዳር 19፣ አርብ

በግራ እጄ ነው። ቀኜ ጄሶ ውስጥ ነው። ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ሁለት አጥንት። በቃ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ፊደሌ የልዩን ይመስላል። ጠዋት ልወጣ ስል ደረጃው ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው ያወራሉ። እንዳላየሁ ሆኜ ጫማዬን አስተካከልኩ። አንደኛዋ "ደረጃው ምን አድርጋው ነው እሷን ብቻ የሚጥላት?" ስትል ሌላዋ "ተይ፣ ይሰማሉ" አለቻት። ወሬኞች! የሰው ቤት እየቆጠሩ የሚኖሩ! ልመለስና አፋቸውን ላፈርስላቸው ብዬ ነበር። አልተመለስኩም።

ማታ ጋሽ ወልደአረጋይ ደወሉ። "ልጄ፣ እጅሽ ተሰበረ አሉኝ። ሰላም ነው? ቃሉን ጠብቋል?"

ኪዱ ሶፋው ላይ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረገው።

"ደህና ነኝ ጋሼ። ደረጃ ነው" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ኪዱ ቴሌቪዥኑን መልሶ ከፍ አደረገው።

ቀን ቢሮ ሃብተአብ ጄሶዬን አየ። ሳቅ አቁሟል።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ወጣ! ስቴብሉ ወጣ! የኛም ማስተካከያ ውስጡ አለ።

ሦስት መስመር ናት። እኔን ስንት ወር ያስለቀሰችኝ ነገር ሦስት መስመር! ሥራው መሃል ላይ ከተበላሸ የያዝከውን ልቀቅ፣ ትላለች፣ አለቀ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኳት።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ ከግርጌ የሚጻፈው ነው። እነዚህ ሰዎች ወግ አላቸው። ከእያንዳንዱ ማስተካከያ ሥር "ይህን ያስተካክላል" ይሉና ጥፋቱ መጀመሪያ የገባበትን የድሮ ጽሑፍ ይጠቅሳሉ። የቱ ቀን፣ የቱ ለውጥ፣ ማን እንደጻፈው። ከዚያ ጉድለቱን ያየው ሰው ስም "ያመለከተው" ተብሎ ይመጣል። የኛዋን ያስተካከላት ሰውዬ ያኔ ያበላሻትም ራሱ ነው። ስሙ ሁለቱም ቦታ ላይ አለ። አላፈረም፣ አላሳበበም፣ የሰው ስም አልጠራም። እኔ ብሆን ደረቴን ነፍቼ ሌላ ሰው ላይ እለጥፈው ነበር።

ለሃብተአብ አሳየሁት። "ያመለከተችውን አየሃት? ተማሪ ናት። ገና ተማሪ!" አልኩት። "ትልልቆቹ ለምደውት ይሆናላ" አለኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

አቶ ታዲዎስ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። "እሑድ ከርነሉን እንቀይራለን። ካልተቀየረ የኔን መልቀቂያ ይቀበሉ" አልኳቸው። ብልሽት ቢመጣስ አሉ። "መጥቷል እኮ! ውስጡ ነው የምንኖረው!" ጄሶዬን ጠረጴዛቸው ላይ ጓ አደረግሁት። አመመኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሳቸው እያለቀስኩ መስሏቸው ደነገጡና "እሺ፣ እሺ፣ አድርጉት" አሉ። ሲያምርብኝ!

ኪዱ እሑድ መውጣት የለም አለ። ከቤት ሆኜ በቴሌግራም ሃብተአብን እመራዋለሁ፣ እሱ ቢሮ ይሆናል። ይኼም ያው ነው።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ጠዋት። ጀመርን። ክሊኒኮቹ ዝግ ናቸው፣ ጥሩ ሰዓት።

ከሪስታርቱ በፊት ሁሉንም ፕሮግራም ማስቆም አለብን። የመጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘው አንዱ እምቢ አለ። ሃብተአብ ልጆቹን ይገድላል፣ አባትየው ሌላ ይወልዳል። ይገድላል፣ ይወልዳል። ሃብተአብ ተንጨረጨረ። በግራ እጅ መጻፍ ሞት ነው፣ ባጭሩ ላክሁለት፦ "ልጆቹን ተዋቸው፣ ይመለሳሉ። አባትየውን ግደለው። ሳትምር። እሱ ካልሞተ ዕረፍት የለንም።"

"እሺ እህቴ። ዛሬ ሳልገድለው ቤቴ አልገባም። ማንም ሳያውቅ ያልቃል" ብሎ መለሰ። ሳቅ አመለጠኝ። ኪዱ ከወጥ ቤት ቀና ብሎ አየኝ።

ከቀትር በኋላ። ገባ! አዲሱ ከርነል ተነሳ። ሜሞሪው ፈቅ አላለም። ሥራ ሲበላሽ ይለቃል፣ ሲበላሽ ይለቃል። ሪስታርት እንዲህ ነው እንጂ፤ የሚነሳው በሌላ ከርነል ነው። እልል ልል ነበር።

ማታ። ኪዱ እንደ ልማዱ ስልኬን ወሰደ። ዛሬ ረጅም ሰዓት አየው። አልጮኸም። ተነስቶ ሻይ አፈላና በእጄ ሰጠኝ፣ ራሱ ስኳር አድርጎ። "ደክሞሻል፣ ጠጪና ተኚ" አለኝ። ስንት ጊዜ ሆነው እንዲህ ካለኝ? አሳዝኜው ነው መሰለኝ። ይኸው፣ ሰው ይለወጣል። አደይ ይኼንን ብታይ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ሃብተአብን

ደሙ ጄሶዬ ላይ አለ። አይለቅም።

ከታክሲ ስወርድ ሰው ተሰብስቧል፣ የቢሯችን በር ላይ። ኪዱ። የጎማ መፍቻ ይዞ። ሃብተአብ መሬት ላይ ነው። ኪዱ "ሊገድለኝ ነው! ከሚስቴ ጋር ሊገድለኝ ነው! ገዳይ ነው!" እያለ ያወርድበታል። የታክሲ ወረፋ የቆመው ሰው ገዳይ ሲባል ሰምቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ይረግጠዋል። የማያውቁት ሰዎች! አንዱ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ነው የሚረግጠው። ላዩ ላይ ወደቅሁበት። ጀርባዬን መቱኝ። "ፕሮግራም ነው! ፕሮግራም ነው!" እያልኩ እጮኻለሁ። ማን ይሰማኛል? ምን ማለት ነው ለእነሱ?

መንጋጋው በአንድ በኩል ወርዷል። ጥርስ አየሁ መሬት ላይ።

ኪዱ ለፖሊሶቹ የሰጠው የኔን ስልክ ነው። ጠዋት ቤት ረሳሁት ያልኩትን ስልክ። "ይኸው ማስረጃው" እያለ ነበር፣ እጁ በደም ተነክሮ።

እኔ ነኝ የገደልኩት። አልሞተም። እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ትናንት ጣቢያ የሆነውን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ይፈነዳል።

ቃል የተቀበለችኝ ሴት ሳጅን ናት። ኪዱ ከኋላዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣ በፖሊስ ታጅቦ። ሳጅኗ ስልኬን እያየች አነበበችልኝ፦ "'ልጆቹን ተዋቸው። አባትየውን ግደለው። ሳትምር።' አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"አባትየው ማነው?"

"ፕሮግራም ነው።"

"ስሙ ማነው?"

"ስም የለውም። ቁጥር ነው ያለው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "የኔ እህት፣ አትቀልጂብኝ። ልጆቹስ?"

"እነሱም ቁጥር ናቸው።"

ለፈለፍኩ። ስልክዎ ላይ እምቢ ያለ አፕ ሲዘጉ እሱ መግደል ነው አልኳት፤ የከፈተው ሌላ ካለ መልሶ ይከፍተዋል፣ ከፋቹ አባትየው ነው፣ እኛ እንዲህ ነው የምናወራው፣ ለመሳቅ ነው። አቶ ታዲዎስም መጥተው ነበር፤ ላባቸውን እየጠረጉ "እውነቷን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲገዳደሉ ነው የሚውሉት" አሉ። ሳጅኗ ሳቋን ዋጠችው። ደግማ አነበበች። ከዚያ "ገባኝ። ይሄ ሰው አይደለም" አለች።

ጄሶዬን በእስክሪብቶዋ ጠቆመች። "የእጅሽስ? እሱም የኮምፒውተር ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ሃብተአብ ሆስፒታል ነው፣ ደሙ ልብሴ ላይ አልደረቀም፣ እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? "ደረጃ ነው።"

ከኋላዬ ኪዱ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ሳጅኗ ትንሽ አየችኝና "ደረጃ" ብላ ጻፈች። ፈረምኩ። በግራ እጄ።

ዛሬ ጠዋት ሃብተአብ ጋ ሄድኩ። መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፣ አንድ ዓይኑ ተዘግቷል። ይቅር በለኝ ልለው ስንበረከክ በእጁ ተነሺ አለኝ። ስልኩን አንስቶ ጻፈ፦ "ከርነሉ እንዴት ነው?"

"ቆሟል። ሜሞሪው አልተነቃነቀም።"

"ጎበዝ። አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

ረጅም ጊዜ ወሰደበት። አንዲት ቃል ናት የጻፈው፦ "ሪስታርት?"

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን በጄሶዬ መታሁት፣ አንዲት ነርስ መጥታ እስክትይዘኝ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና በቀጥታ ወደ ጣቢያ ሄድኩ። ሳጅኗን "ትናንት የረሳሁት ነገር አለ" አልኳት።

"አልረሳሽውም" አለችኝና ወንበር ሳበችልኝ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ኪዱ እንደታሰረ ነው። የቤቱ ቁልፍ ተቀይሯል። አደይ ልብሷን ይዛ መጥታ ከልጄ ከልዩ ጋር ነው የምትተኛው። ስለ ጎመኑ አላነሳችብኝም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁባት፣ አብረን አለቀስን።

ጋሽ ወልደአረጋይ ከሰዓት መጡ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እናስታርቃችሁ አሉ፣ ያው ለልዩ ሲባል። "እጁን ካነሳ እናፈርሰዋለን ያሉት እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

"አነሳ እንዴ? ስደውልልሽ ደህና ነኝ አላልሽኝም?"

"ዋሽቼዎት ነው ጋሼ።"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጄሶዬን፣ ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ልዩን አዩ። "እንግዲያው አለቀ" አሉ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ደስ አይልም።

አሁን ሁሉም ተኝቷል። ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። እንዲህ ሆኖ አይቀርም።

ይህን ያስተካክላል፦ ጥቅምት 12። ቁም ሳጥን አልመታኝም። ኪዱ መታኝ፣ በቡጢ። ስልኬ ላይ የሃብተአብ ስም በርቶ ስላየ። በረዶውን ያመጣው እሱ መሆኑ ግን እውነት ነው።

ይህን ያስተካክላል፦ ጥቅምት 15። አደይ ትክክል ነበረች። የጮህኩባት ስላወቀችብኝ ነው።

ይህን ያስተካክላል፦ ኅዳር 12። ጫማው አሮጌ አልነበረም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ፀጉሬን ይዞ እሳቱ ላይ አስጎነበሰኝ፣ እስኪሸት ድረስ። ይቅርታ ጠይቂ አለኝ። ጠየቅሁ።

ይህን ያስተካክላል፦ ኅዳር 19። ደረጃው አልጣለኝም። ገፈተረኝ። ወድቄ ሳለሁ ወርዶ እጄን በጫማው ረገጠው። ልዩ በሩ ላይ ነበረች።

ይህን ያስተካክላል፦ ታኅሣሥ 5። ሻዩን ያፈላው ስላሳዘንኩት አልነበረም። የጎማ መፍቻውን የት እንዳስቀመጠው እያሰበ ነበር።

ይህን ያስተካክላል፦ ጥቅምት 4። ተለውጧል የሚለው። እጄን ይዞ ያጻፈኝ ሰው የለም።

ይህን ያስተካክላል፦ ኅዳር 3። ይሄ ነው ከሁሉም የከበደኝ። የልጄን እጅ አልያዝኩም። መታኋት። በጥፊ፣ አፏ ላይ፣ እውነቱን ስለተናገረች። ሸሚዙም የተቃጠለው ለዚህ ነው። ዛሬ ማታ ጠርቼ ነገርኳት። "አውቃለሁ" አለችኝ።

ያበላሸችው፦ ዘውዲ።
ያስተካከለችው፦ ዘውዲ።
ያመለከተችው፦ ልዩ፣ ሁለተኛ ክፍል።